የአራት ጣት ክፍተት የማን ሂሳብ ነው?

የኪችን ካቢኔት ልክና የግድግዳ ልክ ሳይገጣጠሙ ሲቀሩ በባለቤቱና በሠሪው ኪስ ላይ የሚደርሰው

በአዲስ አበባ የቤት ማጠናቀቂያ ሥራ ገበያ ባለቤትንና ሠሪን ከሚያጨቃጭቁ ጉዳዮች አንዱ በሳንቲ ሜትር የሚለካ ነው። ካቢኔቱ ተሠርቶና ተጓጉዞ ወጥ ቤቱ ውስጥ ከተገጠመ በኋላ በመጨረሻው ሳጥንና በግድግዳው መካከል አራት ጣት የሚያህል ክፍተት ይቀራል። ክፍተቱ ዕቃ አያስቀምጥም፣ ለመጥረጊያም አይመችም፤ ፍርፋሪና ቅባት ግን ያጠራቅማል፣ በረሮም ያረባል። ባለቤቱ «ሥራው አላለቀም» ብሎ ቀሪውን ክፍያ ይይዛል። ሠሪው ደግሞ «እኔ የለካሁት ያኔ የነበረውን ግድግዳ ነው» ብሎ ይከራከራል። ቤቱን ለኪራይ ወይም ለሽያጭ ያቀረበው ደላላ በበኩሉ ደንበኛው ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆሞ «ይሄ ምንድን ነው?» ሲለው መልስ ያጣል።

አንድ ቤት ብቻ ላለው ሰው ነገሩ የመልክ ጉዳይ ሊመስል ይችላል። አሥርና ሃያ አፓርታማ ሠርቶ ለሚያከራይ ባለሀብት፣ እንዲሁም በጠባብ ትርፍ ለሚሠራ የእንጨት ሥራ ድርጅት ግን ክፍተቱ ግልጽ የገንዘብ ጉዳይ ነው። ክፍተቱ የሚታየው ካቢኔቱ በተገጠመ ዕለት ቢሆንም የተፈጠረው ልኩ በተወሰደበት ዕለት ነው። በመሆኑም በጊዜው የታሰበበት ክፍተት የሚዘጋው ከቁርጥራጭ በተገኘ እንጨት ሲሆን፣ ያልታሰበበት ግን አዲስ ኤምዲኤፍ፣ አዲስ ማጓጓዣና የሁለት ሳምንት ጭቅጭቅ ያስከትላል።

ክፍተቱ ከየት ይመጣል?

በአንድ ወጥ የተገጠመ ዘመናዊ ወጥ ቤት መነሻ ተደርጎ የሚጠቀሰው ኦስትሪያዊቷ አርክቴክት ማርጋሬተ ሹተ ሊሆትስኪ እ.ኤ.አ. በ1926 ለጀርመኗ ፍራንክፈርት ከተማ የነደፈችው ወጥ ቤት ነው። ከተማዋ በዚያን ጊዜ በምትሠራቸው የሕዝብ መኖሪያ ቤቶች ውስጥ ወደ 10,000 የሚጠጉ እንዲህ ያሉ ወጥ ቤቶች ተገጥመዋል። ግድግዳውና ካቢኔቱ በአንድ እጅ፣ በአንድ ወረቀት ላይ የተነደፉ ስለነበሩ አንዱ ለሌላው ልክ ሆኖ ተሠርቷል።

በአዲስ አበባ የሚታየው አሠራር የዚህ ተቃራኒ ነው። በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ1990ዎቹ አጋማሽ በተጀመረው የጋራ መኖሪያ ቤቶች ፕሮግራም ዕድለኛው ቤቱን የሚረከበው ከፊል ማጠናቀቂያ ብቻ ተሠርቶለት ነው። የካቢኔቱ ሥራ ለእሱ የተተወ ነው። በጀሞ፣ በሰሚት፣ በየካ አባዶም ሆነ በኮዬ ፈጬ ያለ ባለ ቤት ግድግዳውን አንድ ተቋራጭ፣ ልስኑን ሌላ፣ ሴራሚኩን ሦስተኛ፣ ካቢኔቱን ደግሞ አራተኛ ሰው ሊሠራለት ይችላል። አራቱ ሰዎች አይተዋወቁም፤ አንዱ ያበላሸውን የሚሸከመውም ከእሱ በኋላ የሚመጣው ነው።

ይህ በቁጥር ሲታይ ይበልጥ ግልጽ ይሆናል። በብሎኬት ግድግዳ ደረጃ ሲለካ 3 ሜትር ከ12 ሳንቲ ሜትር የሆነ ወጥ ቤት እንውሰድ። በሁለቱም ጎን 2.5 ሳ.ሜ. ልስን ሲለሰን 5 ሳ.ሜ. ይቀንሳል። ሴራሚክ ከነማጣበቂያው በእያንዳንዱ ጎን 1.5 ሳ.ሜ. ቢይዝ ሌላ 3 ሳ.ሜ. ይሄዳል። ባለቤቱ «ሥራው ይፍጠንልኝ» ብሎ በብሎኬት ያስለካው 3.12 ሜትር በመጨረሻ 3.04 ሜትር ሆኖ ይገኛል። በመጀመሪያው ልክ የተሠራ 3.10 ሜትር ካቢኔት አይገባም። ይህን የፈራ ሠሪ ደግሞ ለጥንቃቄ ብሎ 2.90 ሜትር ቢሠራ 14 ሳ.ሜ. ባዶ ይቀራል።

ከዚህም ሌላ ግድግዳው ራሱ ቀጥ ያለ አይደለም። ከታች 3.04 ሜትር የተለካ ክፍል ከላይ 3.02 ወይም 3.06 ሊሆን ይችላል። ማዕዘኑም ሁልጊዜ 90 ዲግሪ አይሆንም። ካቢኔት ግን በማሽን ስለሚቆረጥ ቀጥ ያለ ነው። ቀጥ ያለ ነገር ከጎባጣ ግድግዳ ጋር ሲገናኝ ከላይ ጠባብ ከታች ሰፊ፣ ወይም የዚህ ግልባጭ የሆነ ክፍተት ይወጣል። ስለሆነም ልምድ ያለው አናጺ በአንድ ቦታ ለክቶ አይሄድም፤ ከወለሉ አጠገብ፣ በግራናይቱ ከፍታና በላይኛው ካቢኔት ከፍታ ላይ ለክቶ ትንሹን ቁጥር ይይዛል። ማዕዘኑን በእስኳድራ፣ የግድግዳውን ቀጥታ በቱንቢ፣ ወለሉን በውሃ ልክ ያያል።

የ60 ሳንቲ ሜትር ሥርዓትና የኤምዲኤፉ ሂሳብ

ብዙ ባለቤቶች የሚያነሱት ጥያቄ «ለምን ካቢኔቱን በግድግዳው ልክ ሙሉ በሙሉ አይሠሩትም?» የሚል ነው። ይቻላል፤ ነገር ግን ዋጋ አለው።

የኪችን ዕቃ ገበያ በአብዛኛው በ60 ሳ.ሜ. ላይ የተመሠረተ ነው። የዕቃ ማጠቢያ ማሽን፣ አብሮ የሚገጠም ኦቨንና የተለመደው ምድጃ ስፋታቸው 60 ሳ.ሜ. ነው። የግራናይቱም ጥልቀት በአብዛኛው 60 ሳ.ሜ. ነው። ሳጥኖቹም በ30፣ በ40፣ በ45፣ በ50፣ በ60፣ በ80 እና በ90 ሳ.ሜ. ስፋት ይሠራሉ። ለመሳቢያ የሚሆን ሀዲድና ሽቦ ቅርጫትም ለእነዚሁ ልኮች ተሠርቶ ይመጣል። 53.5 ሳ.ሜ. ስፋት ያለው ሳጥን ያሠራ ሰው ለሳጥኑ ልክ የሆነ ቅርጫት ገበያ ላይ ለማግኘት ይቸገራል።

ከዚህ የበለጠው ምክንያት ደግሞ ጥሬ ዕቃው ነው። የተለመደው አንድ ሙሉ ኤምዲኤፍ 2.44 ሜትር በ1.22 ሜትር ነው። የታችኛው ካቢኔት ጎን 72 ሳ.ሜ. ከፍታና 58 ሳ.ሜ. ጥልቀት ቢኖረው፣ በርዝመቱ ሦስት በስፋቱ ሁለት በድምሩ ስድስት ጎኖች ከአንድ ኤምዲኤፍ ይወጣሉ። ከርዝመቱም መጋዙ የሚበላው ተቀንሶ 27 ሳ.ሜ. ያህል ቁራጭ ይተርፋል። ባለቤቱ ከፍታው 82 ሳ.ሜ. ይሁንልኝ ቢል ግን በርዝመቱ የሚወጣው ሁለት ብቻ ስለሆነ ከአንድ ኤምዲኤፍ አራት ጎን ብቻ ይገኛል። ጥልቀቱ ከ58 ወደ 62 ሳ.ሜ. ከፍ ቢል ደግሞ በስፋቱ ሁለተኛው አይወጣም፤ ስድስቱ ወደ ሦስት ይወርዳል። ለአራት ሳንቲ ሜትር ሲባል የጎኖቹ ጥሬ ዕቃ በእጥፍ ጨመረ ማለት ነው።

ኤምዲኤፍ፣ ማጠፊያና የመሳቢያ ሀዲድ በብዛት ከውጭ የሚገቡ በመሆናቸው ይህ ብክነት በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ካደረገ በኋላ በ57 ብር ገደማ ይመነዘር የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆኗል። ከዚያ ወዲህ ቁርጥራጭ የሚጥል ድርጅት የሚጥለው የውጭ ምንዛሪ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

መውጫው መደበኛ ልክ ያላቸውን ሳጥኖች አቀናጅቶ የሚተርፈውን ክፍተት ሆን ብሎ ማስተናገድ ነው። ለምሳሌ 2.77 ሜትር ርዝመት ባለው ግድግዳ ላይ አራት ባለ 60 እና አንድ ባለ 30 ሳጥን ቢደረደሩ 2.70 ሜትር ይሆንና 7 ሳ.ሜ. ይተርፋል። ሦስት ባለ 60 እና አንድ ባለ 80 ቢሆኑ ደግሞ 2.60 ሜትር ሞልቶ 17 ሳ.ሜ. ይቀራል። ሁለቱ ቀሪዎች ለተለያየ አገልግሎት ይውላሉ።

እንደ ስፋቱ ይዘጋል

ከግማሽ ሳንቲ ሜትር በታች የሆነ ክፍተት በሲሊኮን ይዘጋል። ብዙ ሠሪዎች የሚሳሳቱት ግን ከዚህ ላይ ነው። ሁለትና ሦስት ሳንቲ ሜትር ክፍተትን በሲሊኮን ለመሙላት ሲሞከር ቶሎ ይሰነጠቃል፣ ይጠቁራል፣ ከግድግዳውም ይላቀቃል። ርክክብ ዕለት ያማረ ሥራ በጥቂት ወራት ውስጥ ተከራይ የሚያማርርበት ይሆናል።

ከአንድ እስከ አሥር ሳ.ሜ. የሆነው የሚዘጋው ከካቢኔቱ ፊት ጋር አንድ ዓይነት በሆነ መሙያ ቁራጭ ነው። ቁራጩ ከክፍተቱ ትንሽ ሰፋ ተደርጎ ይቆረጣል። ከዚያም ግድግዳው ላይ ተጠግቶ የግድግዳው ጉብታና ጎድጓዳ በኮምፓስ ወይም በእርሳስ ይነደፍበትና በዚያ መስመር በመላጊያ ይላጋል። በመጨረሻም ከጎኑ ካለው ሳጥን ጋር ከውስጥ በብሎን ይታሰራል። ሥራው የአንድ ሰዓት ያህል ሲሆን ዕቃውም በጣም ጥቂት ነው። ቁም ነገሩ ያለው ጊዜው ላይ ነው። መሙያው ከበሮቹ ጋር በአንድ ቀን ከአንድ ዓይነት ኤምዲኤፍ ካልተቆረጠ በኋላ ሲፈለግ ቀለሙ ላይገኝ ይችላል። ከተለያየ ጭነት የመጣ ነጭ ከነጭ ጋር ሁልጊዜ አይመሳሰልም። ስለዚህ ጠንቃቃ ሠሪ በሮቹን ሲቆርጥ ለእያንዳንዱ ወጥ ቤት ሁለትና ሦስት መሙያ ከዚያው ቁራጭ አብሮ ቆርጦ ጠርዙን ያሽጋል።

መሙያው በአንድ ወገን ብቻ 8 ሳ.ሜ. ሆኖ ከሚታይ በሁለቱም ጫፍ አራት አራት ሳ.ሜ. ቢከፈል ለዓይን ይሻላል። አንድ ሰፊ ቁራጭ የስህተት መሸፈኛ ይመስላል፤ ሁለት እኩል ጠባቦች ግን ከመጀመሪያው የታሰቡ ይመስላሉ።

ከአሥር እስከ ሃያ አምስት ሳ.ሜ. የሚደርስ ክፍተትን በቁራጭ ማሸግ ቦታ ማባከን ነው። 15 ሳ.ሜ. ስፋት ያለው ተስቦ የሚወጣ የዘይትና የቅመም መደርደሪያ፣ ወይም በር የሌለው የትሪና የድስት ክዳን ማቆሚያ ይገባበታል። ተስቦ የሚወጣው ከውጭ የሚመጣ ሀዲድ ስለሚፈልግ ይወደዳል። በር የሌለው ማቆሚያ ግን ከቁርጥራጭ ይሠራል። ለኪራይ በሚሠራ ቤት ውስጥ ተንቀሳቃሽ ክፍል በበዛ ቁጥር ጥገናው ስለሚበዛ ሁለተኛው ይመረጣል።

ሠላሳ ሳ.ሜ. ከደረሰ ክፍተት ሳይሆን የተረሳ ሳጥን ነው፤ በዚያው ስሌት መሠራት አለበት።

መዘጋት የሌለባቸው ክፍተቶች

ሁሉም ክፍተት ጥፋት አይደለም። ግድግዳ አጠገብ የሚገጠም ሳጥን ከግድግዳው ከ3 እስከ 5 ሳ.ሜ. ካልራቀ በሩ ሲከፈት እጀታው ሴራሚኩን ይመታል፤ ውስጡ ያለው መሳቢያም በሩን ታክኮ ይወጣል። ማዕዘን ላይ የሚገናኙ ሁለት ሳጥኖችም እንደዚሁ መሙያ ካልተደረገላቸው የአንዱ እጀታ ሌላውን ያግዳል። ባለቤቱ «ለምን ክፍተት ተውክ?» ቢልም ይህ የሥራው አካል ስለሆነ ከመጀመሪያው በሥዕሉ ላይ ቢታይ ጭቅጭቁን ያስቀራል።

ማቀዝቀዣም አየር ይፈልጋል። በዙሪያው የሚያስፈልገው ርቀት ከዕቃው ጋር በሚመጣው መመሪያ ላይ የተጻፈ ሲሆን በጎንና በጀርባ አምስት ሳ.ሜ. ያህል መተው የተለመደ ነው። 60 ሳ.ሜ. ለሆነ ማቀዝቀዣ 60 ሳ.ሜ. ቦታ ብቻ የተወ ሰው ዕቃው አልገባ ሲለው ወይም ሙቀቱ አልወጣ ብሎ ሞተሩ ሳያቋርጥ ሲሠራ በመብራት ሂሳቡ ይከፍለዋል።

የጋዝ ሲሊንደር ጉዳይ ከዚህም የከበደ ነው። የማብሰያ ጋዝ ከአየር ስለሚከብድ ሲያፈስ ወደ ወለሉ ወርዶ ይከማቻል። ሲሊንደር የተቀመጠበትን ሳጥን ግርጌ በዘኮሎና በሲሊኮን አጥብቆ ማሸግ የፈሰሰው ጋዝ መውጫ እንዲያጣ ያደርጋል። በተቻለ መጠን ሲሊንደሩ ውጭ ወይም በረንዳ ላይ ቢሆን ይመረጣል። ሳጥን ውስጥ የግድ ከሆነ ግን ከታች በኩል አየር ማስገቢያ ቀዳዳ መተው አለበት።

አራተኛው የእኛው ቤት ልዩ ጉዳይ ነው። የእንጀራ ምጣድ ሰሌዳ ወርዱ 60 ሳ.ሜ. ገደማ ሲሆን ከነማቀፊያው ከዚያ ይበልጣል። ከ60 ሳ.ሜ. ሳጥን ላይ ሲቀመጥ በሁለት ወገን ይተርፋል፤ 60 ሳ.ሜ. ጥልቀት ካለው ግራናይትም ወደ ፊት ይወጣል። ከላዩ ካቢኔት ካለ ደግሞ እንፋሎቱ የኤምዲኤፉን ጠርዝ ያሳብጠዋል። ምጣዱ ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት የሚስብ ስለሆነም የራሱ የኤሌክትሪክ መስመር ያስፈልገዋል። ስለዚህ ከግድግዳው ጫፍ የሚተርፈውን ቦታ አሰባስቦ ለምጣድ 80 ወይም 90 ሳ.ሜ. ክፍት ቦታ ከመተው የተሻለ የቦታ አጠቃቀም በብዙ ወጥ ቤቶች ውስጥ አይገኝም።

ከላይና ከኋላ

የጎኑ ክፍተት ሲያወዛግብ የላዩ ይረሳል። የታችኛው ካቢኔት ከነግራናይቱ 90 ሳ.ሜ.፣ በመካከል ያለው የሥራ ቦታ 55 ሳ.ሜ.፣ የላይኛው ካቢኔት 72 ሳ.ሜ. ቢሆን ድምሩ 2.17 ሜትር ነው። ጣሪያው 2.60 ሜትር ከሆነ 43 ሳ.ሜ. ባዶ ይቀራል። ሦስት አማራጮች አሉ። አንደኛው እንዲሁ ትቶ አቧራና ቅባቱን እየወጡ ማጽዳት ነው። ሁለተኛው በፊት ለፊት ሰሌዳ ማሸግ ሲሆን ያማረ ቢመስልም ቦታ ያስቀራል። ሦስተኛው 40 ሳ.ሜ. ከፍታ ያለው ሁለተኛ ረድፍ ሠርቶ የቀረውን ሦስት ሳ.ሜ. በመሙያ መዝጋት ነው። በካሬ ሜትር ለሚከፍል ባለቤት በሦስት ሜትር ርዝመት ላይ የሚጨመረው 1.2 ካሬ ሜትር ነው። ራሱ ለሚኖርበት ቤት ለትልልቅ ድስትና ለበዓል ዕቃ ማስቀመጫ ስለሚሆን ያዋጣል። ለኪራይ ቤት ግን ሁለተኛው ሊበቃ ይችላል።

ከግራናይቱ በስተኋላ የሚታየው ክፍተት ደግሞ ከግድግዳው መጉበጥ የሚመጣ ነው። እስከ ሁለት ሳ.ሜ. ድረስ በግራናይት ዘኮሎ ይሸፈናል። ይህ የሚሆነው ግን ግራናይቱ የተለካው ሳጥኖቹ ከተገጠሙ በኋላ ከሆነ ነው። ጊዜ ለመቆጠብ ተብሎ ግራናይቱና ካቢኔቱ በአንድ ቀን ሲታዘዙ አንዱ የሌላውን ስህተት ይወርሳል።

ውሉ ምን ይበል?

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2610 ሥር የሥራ ውል የሚያስረዳው ሠሪው ለሚከፈለው ዋጋ በራሱ ኃላፊነት አንድ የተወሰነ ውጤት ለማስገኘት የሚገባው ግዴታ መሆኑን ነው። ጭቅጭቁ የሚነሣው «ውጤቱ» ምን እንደሆነ ሳይጻፍ ሲቀር ነው። ብዙዎቹ የዋጋ ማቅረቢያዎች ቀለሙን፣ የኤምዲኤፉን ዓይነትና የሜትሩን ዋጋ ይገልጹና ስለ ግድግዳው አንድም ቃል ሳይሉ ያልፋሉ።

የዋጋው አቆጣጠርም ራሱ የግጭት ምንጭ ነው። ለሂሳቡ ያህል የአንድ ሜትር ዋጋ 40 ሺህ ብር ነው እንበል። ከላይ በተጠቀሰው 2.77 ሜትር ግድግዳ ላይ የተሠራው ሳጥን 2.70 ሜትር ነው። ሠሪው በግድግዳው ልክ ሲያስከፍል ባለቤቱ በሳጥኑ ልክ ልክፈል ቢል ልዩነቱ 2,800 ብር ነው። በአሥራ ሁለት አፓርታማ 33,600 ብር ይሆናል። መሙያውን ሠሪው ከዘጋው በግድግዳው ልክ መጠየቁ አግባብ አለው፤ ክፍት ከተወው ግን ባልሠራው ላይ እያስከፈለ ነው። ይህ በአንድ መስመር ቢጻፍ ሁለቱንም ወገን ያግባባል። ዋጋው 15 በመቶ የተጨማሪ እሴት ታክስን ይጨምር አይጨምር የሚለውም እንደዚሁ።

በመሆኑም በውሉ ውስጥ ሊገቡ የሚገባቸው ነጥቦች ጥቂት ናቸው። የመጨረሻው ልክ የሚወሰደው ልስንና ሴራሚክ ካለቀ በኋላ እንደሆነ፣ ለኪውም ሠሪው ራሱ እንደሆነ መጻፍ አለበት፤ ባለቤቱ በስልክ የሰጠው ቁጥር ለዋጋ ግምት እንጂ ለመቁረጥ አይሆንም። መሙያ ቁራጮች፣ የጎን ማሸጊያና የላይኛው መዝጊያ በዋጋው ውስጥ መካተታቸው በግልጽ ይጠቀስ። በሥዕሉ ላይ እያንዳንዱ ክፍተት ከነስፋቱና ከነምክንያቱ ተመልክቶ ሁለቱ ወገኖች ይፈርሙበት። የመጨረሻው ክፍያ የሚለቀቀው በሮችና መሳቢያዎች ሙሉ በሙሉ ተከፍተው፣ ማቀዝቀዣውም ቦታው ገብቶ ከታየ በኋላ ይሁን። ከተለካ በኋላ ግድግዳው ላይ የሚደረግ ለውጥ ለምሳሌ ሁለተኛ ዙር ሴራሚክ ቢኖር ተጨማሪ ወጪው የባለቤቱ መሆኑም መጻፉ ለሠሪው ፍትሐዊ ነው።

ብዙ አፓርታማ በአንድ ጊዜ የሚያሠራ ባለሀብት ከዚህ አልፎ ነገሩን ከሥሩ ማስተካከል ይችላል። የወጥ ቤቱን ግድግዳ ርዝመት ከሥዕሉ ጀምሮ ከልስንና ከሴራሚክ በኋላ በ60 ሳ.ሜ. ብዜት ላይ ለመሙያ የሚሆን 8 ወይም 10 ሳ.ሜ. ተጨምሮበት እንዲወጣ አርክቴክቱን ማዘዝ ነው። ብሎኬት ሲደረደር አሥር ሳንቲ ሜትር ወዲህ ወይም ወዲያ ማድረግ የሚያስወጣው ወጪ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ያው አሥር ሳንቲ ሜትር ካቢኔቱ ከመጣ በኋላ ግን በየአፓርታማው እየተደጋገመ ይከፈልበታል። አናጺዎች «አሥር ጊዜ ለካ፣ አንድ ጊዜ ቁረጥ» የሚሉት አነጋገር በገበያው ቋንቋ ሲተረጎም የልክ ሥራ ከማጠናቀቂያ ሥራዎች ሁሉ ርካሹ ነው ማለት ነው።